አልፈርምም ብያለሁ፤ የራሴን ሥራ ግን ከየት ልጀምር?

የሚዛን ልጅ | ሐምሌ 4፣ ከምሽቱ 3፡20

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን የምጽፈው ሦስት ሌሊት እንቅልፍ ካጣሁ በኋላ ነው። ዕድሜዬ 29 ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የግንባታ ዕቃ በሚያቀርብ አንድ የግል ድርጅት በሂሳብ ሠራተኛነት ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። በእጄ የሚደርሰኝ ደመወዝ 22,000 ብር ነው። ከዚህ ውስጥ 9,000 ለቤት ኪራይ፣ 3,000 ኮምቦልቻ ላለችው እናቴ፣ 3,000 ለእቁብ ይወጣል። በቀረው 7,000 እበላለሁ፣ እለብሳለሁ፣ ታክሲ እሳፈራለሁ።

የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ሁለት ቀን ሲቀረው ሥራ አስኪያጁ ሦስት የግዢ ደረሰኞች አመጣልኝ። ፒችትሪ በሚባለው የሂሳብ ሶፍትዌር ላይ እንድመዘግባቸውና የክፍያ ማዘዣው ላይ «ያዘጋጀው» በሚለው ቦታ እንድፈርም ነገረኝ። የሲሚንቶ ግዢ ነው። እያንዳንዱ ደረሰኝ 200 ኩንታል፣ ኩንታሉ በ1,200 ብር፤ ሲደመር 720,000 ብር፣ ቫቱ ብቻውን 108,000 ብር።

ደረሰኞቹን ጠረጴዛዬ ላይ ጎን ለጎን ደረደርኋቸው። ቀናቸው ግንቦት 6፣ ግንቦት 27 እና ሰኔ 19 ይላል። ተከታታይ ቁጥራቸው ግን 0412፣ 0413፣ 0414 ነው። በደረሰኙ ከሄድን ሻጩ በእነዚያ ስድስት ሳምንታት ከእኛ በቀር ለማንም አልሸጠም። ሦስቱም በአንድ እጅ፣ በአንድ ሰማያዊ እስክሪብቶ የተጻፉ ናቸው። ወደ መጋዘኑ ወርጄ ቢን ካርዱን፣ ማለትም የዕቃ ገቢና ወጪ የሚጻፍበትን ካርድ፣ አየሁ። በእነዚያ ቀናት የገባ አንድ ኩንታል ሲሚንቶ የለም።

«ዕቃው የታለ?» ብዬ ስጠይቀው «ከአንቺ በፊት የነበረችው ትፈርም ነበር» አለኝ። አልፈርምም አልሁት። አልተቆጣም። «ግብር የምናስታውቀው እስከ ጥቅምት 30 ነው፤ አስቢበት» ብሎኝ ወጣ።

ለምን እንዲህ እንደከበደኝ ይገባችሁ ዘንድ ስለ አባቴ ልናገር። አባቴ ኮምቦልቻ ውስጥ የአንድ እህል መጋዘን ሚዛን ሠራተኛ ነበር። ልጅ ሳለሁ ምሳ ይዤለት ስሄድ ቆሜ አየው ነበር። ጆንያው ከመጫኑ በፊት የሚዛኑን ብረት በመዳፉ ይጠርጋል። ልሳኑ ተረጋግቶ እስኪቆም ድረስ ቁጥር አይጠራም። አንድ ቀን አንድ ገበሬ ቸኩሎ «በቃ ጻፈው» ሲለው «ቆይ፣ ሚዛኑ ገና አልተናገረም» ሲል ሰምቼዋለሁ። በ2009 ሲያርፍ ከቃሉ ወረዳ ገጠር በእግራቸው ለቅሶ የደረሱ ሰዎች ነበሩ፤ እናቴ እንኳን አታውቃቸውም።

የረጅም ጊዜ ሕልሜ የራሴን ትንሽ የሂሳብ ቢሮ መክፈት ነው። ልብስ ሰፊ፣ ቁርስ ቤት፣ ትንሽ ክሊኒክ ያላቸው ሰዎች ግብር በመጣ ቁጥር ሲደነግጡ አያለሁ። መዝገባቸው በሥርዓት ቢያዝላቸው ግማሹ ድንጋጤ ይጠፋል። ለዚያ ደግሞ ካፒታል የለኝም፤ እቁቤም የሚደርሰኝ መስከረም ላይ ነው። አሁኑኑ ልውጣ ወይስ እስከ ጥቅምት ልታገሥ? የራሴን ቢሮ ብከፍትስ ይኸው ጥያቄ በደንበኛ በኩል ተመልሶ አይመጣብኝም ወይ?

እናቴ የነገርኋትን ሰምታ «ልጄ፣ እንጀራሽን አትርገጪ» ብቻ አለችኝ።

---

ጡረተኛው ኦዲተር | ሐምሌ 4፣ ከምሽቱ 5፡05

ልጄ፣ 34 ዓመት ሂሳብ ስመረምር ኖሬአለሁ። ተከታታይ ቁጥሩን ማየትሽ የሠለጠነ ዓይን እንዳለሽ ያሳያል።

በመጀመሪያ ጉዳዩ ምን እንደሆነ በስሙ እንጥራው። 720,000 ብር ያልነበረ ወጪ ሲገባ ትርፉ በዚያው ልክ ይቀንሳል። ድርጅቱ የሚከፍለው የንግድ ትርፍ ግብር 30 በመቶ ስለሆነ 216,000 ብር ይድናል፤ ከቫቱ 108,000 ጋር 324,000 ብር ነው። አንቺ እንድትፈርሚ የተጠየቅሽው በዚህ ገንዘብ ላይ ነው። ሐሰተኛ ደረሰኝ መጠቀም በታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 የዓመታት እስር የሚያስከትል ወንጀል ነው። «አለቃዬ አዞኝ ነው» ማለት የፈረመን እጅ ነጻ አያወጣም።

አሁን ማድረግ ያለብሽን ልንገርሽ። ያልፈረምሽበትን ምክንያት በጽሑፍ አስፍሪ። ውንጀላ አትጻፊ፤ ያየሽውን ብቻ ጻፊ። «የደረሰኝ ቁጥር 0412፣ 0413 እና 0414 ከመጋዘን ገቢ ሰነድ ጋር ሊመሳከር ስላልቻለ መመዝገብ አልቻልሁም» በቂ ነው። ቀን ጻፊበት፣ በመዝገብ ቤት ገቢ አስደርጊ፣ የገቢ ቁጥር ያለበትን ቅጂ ያዢ። የድርጅቱን ሰነድ ግን ፎቶ አንሥተሽም ሆነ ኮፒ አድርገሽ ወደ ቤት እንዳትወስጂ። በኋላ ነገሩን ገልብጠው አንቺኑ ይከስሱበታል። ጥቆማ ለመስጠት ከወሰንሽ የምስክሮችና የጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 አለ፤ ከጠበቃ ጋር ሆነሽ አንብቢው።

ሁለተኛ፣ ስለ መልቀቅ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መልቀቅ ይችላል። አንዳንድ ሰው «አንቀጽ 32 ስላለ ያለ ማስጠንቀቂያ ውጪ» ይልሽ ይሆናል። እሱ አሠሪው በሠራተኛው ላይ ለሚፈጽመው ድርጊት የተጻፈ ስለሆነ ለአንቺ ጉዳይ አከራካሪ ነው። 30 ቀንሽን በክብር ሥሪ፤ ስትወጪ የሚያንጓጥጡሽ ነገር አይኑር። የሥራ ልምድ ማስረጃ በነጻ የመስጠት ግዴታ አለባቸው። ያልተከፈለ ደመወዝሽና ያልተጠቀምሽበት የዓመት ዕረፍትሽ በሰባት የሥራ ቀናት ውስጥ መከፈል አለበት። የጡረታ መዋጮሽ፣ ያንቺ 7 በመቶና የእነሱ 11 በመቶ፣ በስምሽ የተመዘገበ ስለሆነ ብትለቂም አገልግሎትሽ አይጠፋም። በየወሩ በትክክል ገቢ መደረጉን ግን አረጋግጪ።

በ1976 እኔም አንድ ቆጠራ ላይ አልፈርምም ብዬ ነበር። የስኳር መጋዘን ነው። ከውጭ ሲታይ ክምሩ ሙሉ ነው፤ ላዩ ላይ ወጥቼ ስረግጠው እግሬ ወደ ታች ሰመጠ። መሐሉ ባዶ ነበር። በወሩ ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ተዛወርሁ፤ ሚስቴ የስምንት ወር እርጉዝ ነበረች። አልጸጸትም። ቀላል ነበር ብዬ ግን አልዋሽሽም።

---

የመርካቶው | ሐምሌ 5፣ ከጠዋቱ 1፡40

እህቴ፣ ጋሼ የተናገሩት ሁሉ እውነት ነው። እኔ ግን ከሌላው ወገን ያለውን እውነት መናገር አለብኝ፤ ካልተነገረ ውይይቱ ጎደሎ ይሆናል።

22 ዓመት ነግጃለሁ። ሌባ አይደለሁም። ሐሰተኛ ደረሰኝ ከየት እንደሚመጣ ታውቂያለሽ? ዕቃ ልገዛ ወደ ጅምላ ሻጩ እሄዳለሁ። «ያለ ደረሰኝ በዚህ ዋጋ፣ በደረሰኝ በዚያ ዋጋ» ይለኛል፤ አንዳንዴም «ደረሰኝ የለም፣ ከፈለግህ ውሰድ» ይላል። ካልወሰድሁ ሱቄ ባዶ ይሆናል። ወስጄ ስሸጠው ለደንበኛዬ ደረሰኝ እቆርጣለሁ። ዓመቱ ሲያልቅ የሽያጬ ወረቀት አለ፣ የግዢዬ ወረቀት ግን የለም። ግብር ሰብሳቢው «ወጪህን አልቀበልም፤ ማስረጃ የለህም» ይለኛል። በ100 ገዝቼ በ110 የሸጥሁት ሁሉ እንደ ንጹሕ ትርፍ ይያዝብኛል። ያን ጊዜ ወረቀት የሚሸጥ ሰው ይመጣል።

ይህን የምጽፈው የአለቃሽን ሥራ ላጸድቅ አይደለም። እሱ ያልገዛውን ገዛሁ ብሏል፤ የእኔ ዕቃ መደርደሪያዬ ላይ ነው። ነገር ግን ከሰንሰለቱ መሐል አንዱ ብቻ ቀና ልሁን ሲል የሌሎቹን ሸክም ብቻውን ይሸከማል። አንቺ ብትለቂ በሁለተኛው ሳምንት ሌላ ልጅ ትቀጠራለች፤ እሷም ትፈርማለች። የራስሽን ቢሮ ስትከፍቺ ደግሞ የሚመጡልሽ ደንበኞች እኔን የመሰሉ ናቸው። ምን ልትይን ነው? ይህን ሳታስቢ ሕልምሽን እንዳትጀምሪው።

---

እኔ የፈረምሁት | ሐምሌ 5፣ ከቀኑ 7፡15

ስሜን አልናገርም። እኔ ፈርሜያለሁ፤ አራት ዓመት።

የመጀመሪያው ትንሽ ነበር፣ የነዳጅ ኩፖን። ሁለተኛው የጥገና ደረሰኝ። ከዚያ በኋላ መጠየቅም ቀረ፤ ወረቀቱ ጠረጴዛዬ ላይ ይቀመጣል፣ እፈርማለሁ። የሂሳብ ኃላፊ ሆንሁ። መኪና ገዛሁ። እናቴን ለሕክምና ወደ ውጭ ላክኋት፤ ይህን ሳስብ እስከ ዛሬ ነገሩ ይምታታብኛል፣ ምክንያቱም እናቴ ዳነች።

ከዚያ የታክስ ምርመራ መጣ። ባለቤቱ መርማሪዎቹ ፊት እያየኝ «እኔ የንግድ ሰው ነኝ፤ ሂሳብ የሚያውቀው እሱ ነው» አለ። ከ60 በላይ ሰነድ ላይ «ያዘጋጀው» በሚለው ቦታ ያለው ፊርማ የእኔ ብቻ ነው። እሱ «ያጸደቀው» የሚለውን ቦታ ሁልጊዜ ባዶ ይተወው ነበር፤ አራት ዓመት ሙሉ ስለዚያ ባዶ ቦታ አስቤ አላውቅም። አሥራ አንድ ወር ተመላለስሁ። መኪናውም ሌላውም ለጠበቃ ሄደ። ጉዳዩ ያለ እስር አለቀ። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ፊርማዬን ቀይሬአለሁ፤ የድሮውን መጻፍ እጄ እምቢ አለኝ።

እህቴ፣ ክፍያ ማዘዣው ላይ «ያጸደቀው» የሚለውን ቦታ ሄደሽ እዪው። የፈረመበት አለ?

---

የሚዛን ልጅ | ሐምሌ 5፣ ከምሽቱ 2፡30

አየሁት። ሦስቱም ላይ ባዶ ነው። ያለፈው ዓመት ፋይል ላይም ባዶ ነው። ወንድሜ፣ ይህን ስለጻፍህልኝ ምን ብዬ እንደማመሰግንህ አላውቅም።

---

የበኩር ልጅ | ሐምሌ 6፣ ከጠዋቱ 3፡00

ሁላችሁም ስለ ፊርማው ትነጋገራላችሁ። እኔ ስለ እናቷ 3,000 ብር ልጠይቅ።

የስድስት ልጆች ታላቅ ነኝ። ታናናሾቼን ያስተማርሁት እኔ ነኝ። በሥራዬ ብዙ ጊዜ «ይህ ትክክል አይደለም» ያልሁበት፣ ነገር ግን የእኅቴ የትምህርት ክፍያ ትዝ ሲለኝ አፌን የዘጋሁበት ቀን አለ። ወላጅን መጦርም እሴት ነው። ቃልን መጠበቅም እሴት ነው። ሁለቱ ሲጋጩ ንጹሑን መንገድ የመረጠው ሰው ሒሳቡን ለሌላ ሰው ሊያስተላልፍ ይችላል። እህቴ፣ አትፈርሚ፤ በዚህ እስማማለሁ። ግን ከመልቀቅሽ በፊት በዚህ ውሳኔ የሚራበው ማን እንደሆነ ቁጠሪ። አንቺ ብቻ ከሆንሽ ውጪ። ሌላ ሰው ካለ ያ ሰው ሊጠየቅ ይገባዋል።

---

የሚዛን ልጅ | ሐምሌ 8፣ ከምሽቱ 4፡10

የበኩር ልጅ፣ ጽሑፍህ ስላስጨነቀኝ ትላንት ለእናቴ ደወልሁላት። በመጀመሪያ ደረሰኞቹን፣ ቁጥራቸውን፣ ባዶውን ቦታ ሁሉ ነገርኋት። ከዚያም «አባቴ ቢሆን አይፈርምም ነበር» አልሁ።

ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «እማዬ?» አልሁ። ከዚያ እንዲህ አለችኝ፦ «አዎ፣ አይፈርምም ነበር። አልፈረመምም። አንቺ አራት ዓመትሽ ነበር። ሚዛኑን አጉድል ሲሉት እምቢ ብሎ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ያለ ሥራ ተቀምጧል። የአባትሽን እውነት ጠላ እየጠመቅሁ የከፈልሁት እኔ ነኝ።»

ይህን በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም። ጠላውን ግን አስታውሳለሁ። ጓሮ የነበሩትን ሁለት ጋኖች፣ ጠዋት ጠዋት የሚሸተውን የጌሾ ሽታ፣ እናቴ አሻሮ ስትቆላ ጭሱ ዓይኗን አቅልቶት ስትገባ አስታውሳለሁ። ይህ ሁሉ የአባቴ ሚዛን ዋጋ እንደነበረ አላውቅም ነበር። ለአባቴ ለቅሶ ሰው ከገጠር ሲመጣ ጋኑን ማን አመሰገነ?

«ታዲያ ምን ላድርግ?» ብዬ ጠየቅኋት። «እንጀራሽን አትርገጪ ያልሁሽ ፈርሚ ለማለት አይደለም። እሱ እኔ ነበርሁት፤ አንቺ ማን አለሽ? የምትይዥውን ሳትይዢ አትዝለዪ ለማለት ነው» አለች። ቀጥላም ሦስት ሺሁን ለስድስት ወር እንድተወው ነገረችኝ። እምቢ ብል ተቆጣችኝ። «ያኔም አልጠየቀኝም፤ አሁን አንቺ ስለጠየቅሽኝ ደስ ብሎኝ ነው» አለችኝ።

እያለቀስሁ ነው የምጽፈው።

---

ምጣድ | ሐምሌ 9፣ ከጠዋቱ 4፡45

እህቴ የኔ ዓለም፣ እኔ ሂሳብ አልተማርሁም። ኩዌት በቤት ሠራተኛነት ሰባት ዓመት ሠርቼ ተመለስሁና አዳማ እንጀራ መጋገሪያ ከፈትሁ። «የራሴን ቢሮ ብከፍት ይኸው ጥያቄ በደንበኛ በኩል ይመጣል ወይ?» ላልሽው እኔ ልመልስልሽ። ይመጣል። በሁለተኛው ወር ነው የመጣብኝ።

ጤፍ ሲወደድ ከእኔ ጋር በሽርክና የጀመረችው ልጅ «ሩዝና ማሽላ እንቀላቅልበት፤ ሰው አያውቅም፣ ዋጋው ግን የጤፍ ይሁን» አለችኝ። በከተማው ብዙ ሰው እንዲህ ያደርጋል። እውነት ለመናገር ቅልቅሉ ነውር የለበትም፤ ሰው የማይጎዳ እህል ነው፣ ድሮም እናቶቻችን ቀላቅለው ጋግረዋል። ነውሩ ያለው ስሙ ላይ ነው። ኩዌት እያለሁ ለሰባት ዓመት በራሴ ስም እንኳን አልተጠራሁም፤ ማዳም አጠራሩ ከበዳት ብላ ሌላ ስም አወጣችልኝ። ነገርን በስሙ አለመጥራት ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ።

ስለዚህ ሁለት መደርደሪያ አደረግሁ። በአንዱ ላይ «ንጹሕ ጤፍ» ብዬ፣ በሌላው ላይ «ጤፍና ማሽላ ቅልቅል» ብዬ በካርቶን ጻፍሁና ዋጋቸውን ለየሁት። ሽርካዬ ተጣልታኝ ሄደች፤ የእሷን ግማሽ ገንዘብ ለመመለስም ሁለት ምጣድ ሸጥሁ። ሦስት ወር ከባድ ነበር። መብራት ሲጠፋ የተቦካ ሊጥ ይበላሻል፤ ሌሊት 9 ሰዓት ተነሥቼ መብራት መጥቶ እንደሆነ አያለሁ። ከዚያ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ቅልቅሉ ከንጹሑ የበለጠ ተሸጠ። ሰዎች ደግሞ ቅልቅል መሆኑን ያውቁ ነበር፤ የሚፈልጉት የሚነግራቸው ሰው ብቻ ነበር። ዛሬ አራት ሴቶች አብረውኝ ይሠራሉ።

ሁሉም ሰው እንደ እኔ ይሳካለታል አልልም። ከእኔ ጋር አንድ አውሮፕላን ላይ የተመለሱ ብዙዎች ገንዘባቸው አልቆ እንደገና ሄደዋል። እኔ የቆየሁት ታናሽ ወንድሜ ለስድስት ወር የቤት ኪራዬን ስለከፈለልኝ ነው።

---

ጡረተኛው ኦዲተር | ሐምሌ 9፣ ከምሽቱ 1፡30

የመርካቶው ወንድማችን ያነሣው ሊታለፍ አይገባውም። የገለጸው ችግር እውነተኛ ነው፤ እኔ በመርማሪነቴ ዘመን ከጠረጴዛው ወዲያ ሆኜ ወጪያቸውን የሰረዝሁባቸው ነጋዴዎች ዛሬም ትዝ ይሉኛል። ሕጉን ነበር የተከተልሁት። አንዳንዶቹ ግን ሐቀኞች እንደነበሩ አውቅ ነበር።

ልጄ፣ ቢሮ ስትከፍቺ ለደንበኛሽ መሸጥ የምትችይው «ግብር አሳንስልሃለሁ» የሚለውን አይደለም። ይህን የሚሸጥ ሰው ሞልቷል። አንቺ የምትሸጪው ቀድሞ ማወቅን ነው። ነጋዴው በየወሩ መዝገቡ ቢያዝለት በደረሰኝና ያለ ደረሰኝ መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት በእርግጥ ትርፍ መሆኑን ማስላት ይችላል። ያለ ደረሰኝ በ95 የተገዛው ዕቃ ወጪው ሲሰረዝ በደረሰኝ በ110 ከተገዛው በላይ ያስከፍላል። ይህን ሐምሌ ላይ ስትነግሪው ቁጣ ነው፤ ኅዳር ላይ ስትነግሪው ምክር ነው።

ፈቃድን በተመለከተ፦ የሂሳብ ሙያ በአዋጅ ቁጥር 847/2006 መሠረት በኢትዮጵያ የሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ቁጥጥር ሥር ነው። የሙያ ፈቃዱን ሳትይዢ በራስሽ ስም የኦዲትም ሆነ የተረጋገጠ ሂሳብ ሪፖርት እንዳትፈርሚ። መሟላት ያለበትን ከቦርዱ ሄደሽ ጠይቂ። እስከዚያው በትርፍ ሰዓት ቅጥር የሁለት ሦስት ድርጅቶችን መዝገብ መያዝ ትችያለሽ፤ ብዙዎቻችን የጀመርነው እንዲያ ነው።

---

የሚዛን ልጅ | ኅዳር 16፣ ከምሽቱ 2፡50

ብዙዎቻችሁ «ምን ደረሰሽ?» ብላችሁ ስለጠየቃችሁኝ ልንገራችሁ።

ማስታወሻውን ሐምሌ 11 በመዝገብ ቤት ገቢ አስደረግሁ። ሥራ አስኪያጁ ጠርቶ «ይህን ወረቀት መልሰሽ ውሰጂው» አለኝ። አልወሰድሁም። ከዚያ ቀን በኋላ ሻይ ሲጠጣ የሚጠራኝ ሰው ጠፋ፤ ስድስት ዓመት አብረን ምሳ የበላን ልጆች ጠረጴዛ ቀየሩ። የመልቀቂያ ደብዳቤዬን ነሐሴ 1 ሰጠሁ። ነሐሴ 30 ቁልፌን አስረክቤ ወጣሁ። የሥራ ልምዱን ለማግኘት አምስት ጊዜ ተመላለስሁ፤ ጋሼ የነገሩኝን አዋጅ ጠቅሼ በጽሑፍ ስጠይቅ በማግሥቱ ሰጡኝ። ደረሰኞቹ ከዚያ በኋላ ምን እንደሆኑ፣ ማን እንደፈረመባቸው አላውቅም። ይህ አሁንም ያስጨንቀኛል። ከጠበቃ ጋር ተነጋግሬያለሁ፤ ስለዚያ ከዚህ በላይ እዚህ አልጽፍም።

የምኖርበትን ቤት ለቅቄ ከአጎቴ ልጅ ጋር አንድ ክፍል ተጋርተናል፤ ኪራዩ ለእኔ 4,000 ይደርሳል። እቁቡ መስከረም 12 ወጣልኝ፣ 36,000 ብር። ያገለገለ ላፕቶፕ በ19,000 ገዛሁ። የቀረውን ከኪራይና ከምግብ በቀር እንዳልነካው ለራሴ ቃል ገባሁ።

አሁን የአምስት ሰዎችን መዝገብ እይዛለሁ። አንድ ሕፃናት ማቆያ፣ ሁለት ቁርስ ቤት፣ አንድ የጥርስ ክሊኒክ፣ አንዲት ልብስ ሰፊ። በወር ከሁሉም 11,500 ብር አገኛለሁ። ከቀድሞው ግማሽ ነው፤ ግን በጥር ሁለት እንደሚጨመሩልኝ ተስፋ አለ። ስድስተኛ ደንበኛ ነበረኝ። በሁለተኛው ወር «ትንሽ ወረቀት ላምጣ?» አለኝ። ምጣድ፣ አንቺ እንዳልሽው በሁለተኛው ወር! አይሆንም አልሁት፤ ሄደ። ያን ምሽት 2,500 ብር እንዳጣሁ እያሰላሁ ተኛሁ።

ልብስ ሰፊዋ ደረሰኞቿን የምታስቀምጠው በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ነው። አንዳንዶቹ በክር ተጠቅልለው፣ አንዳንዶቹ የመርፌ ቀዳዳ ይዘው ይመጣሉ። የመጀመሪያውን ቀን እሷ ወለሉ ላይ ተቀምጣ፣ እኔ ጠረጴዛው ላይ እየዘረጋሁ በወር በወር ስንለያቸው አመሸን። በመጨረሻ ትርፏን ስነግራት «ይህን ያህል ሠርቻለሁ እንዴ?» ብላ ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ። ስምንት ዓመት ስትሠራ ትርፏን አውቃ አታውቅም ነበር።

ለእናቴ በዚህ ወር 1,000 ላክሁ። ስድስት ወሩ ገና ስላልሞላ ተቆጣችኝ።

---

የመርካቶው | ኅዳር 17፣ ከጠዋቱ 2፡05

እንኳን ደስ አለሽ እህቴ። ሐምሌ ላይ የጻፍሁልሽ ከብዶሽ እንደነበር አውቃለሁ። ጋሼ ያሉትን የ95 እና የ110 ስሌት በራሴ ሦስት ዕቃዎች ላይ ሞከርሁት። በሁለቱ ትክክል ነበሩ፤ ዓመታት ስከስር ነበር። በሦስተኛው ግን ዛሬም በደረሰኝ የሚሸጥልኝ አላገኘሁም።

መዝገቤን ትይዥልኝ እንደሆነ ልጠይቅሽ ነው። ያለ ደረሰኝ የገዛሁት አለ። አልደብቅሽም።

---

የሚዛን ልጅ | ኅዳር 17፣ ከጠዋቱ 4፡30

እይዝልዎታለሁ። ያለ ደረሰኝ የገዙትን ያለ ደረሰኝ ብለን እንጽፈዋለን፤ በወረቀት አንሸፍነውም። በዚህ ዓመት ግብርዎ ሊበዛ ይችላል፣ ይህን ከአሁኑ ይወቁልኝ። ለሦስተኛው ዕቃ በደረሰኝ የሚሸጥ አብረን እንፈልጋለን፤ ካላገኘን ያንን ዕቃ መያዙ ያዋጣ እንደሆነ በቁጥር እናየዋለን።

ቅዳሜ ከ8 ሰዓት በኋላ ይመቸኛል። ደረሰኞቹን አይምረጡ፤ ያለውን ሁሉ እንዳለ ይዘው ይምጡ።